ጸጉሩ ያልረገፈ ጎማ

«ገድላዋለች» አለ ሰውዬው ወንበሩ ላይ በቅጡ ሳይቀመጥ። «ወንድሜን የገደለችው ሚስቱ ናት።»

መርማሪዋ ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። «ቆይ እስቲ። መኪና ይዞት ቦይ ውስጥ ገብቶ አይደል እንዴ የሞተው?»

ይህች ቃል ከአፏ ስለማትጠፋ ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ቆይ እስቲ» እያሉ ይጠሯታል። ታውቃለች፤ አትቀየምም። እነሱ ወንጀለኛ ሲያሯሩጡ ጫማ ይጨርሳሉ፣ እሷ ደግሞ ቆም ብላ ትጠይቃለች፤ ማን ብዙ ሰው እንደያዘ አለቃቸው ያውቀዋል።

ከሳሹ የታክሲ ሹፌር ነው። ሟቹ ታላቅ ወንድሙ ስም ያለው የጥርስ ሐኪም ነበር። ሁለት ሰው ብቻ የምታስቀምጥ ቀይ የስፖርት መኪና ነበረችው፤ ሚስቱ ብትቀና አይፈረድባትም እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ሲያካፋ፣ ከከተማ ርቆ በሚገኝ መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ተንሸራተተች፣ ከድንጋይ ጋር ተላተመችና ጭቃ የሞላው ቦይ ውስጥ ተቀበረች። ሐኪሙ እዚያው አለፈ።

«ጎማ ሊቀይር ነበር» አለ ወንድሙ። «አሪፉን፣ ውዱን። እሷ ናት ‹ርካሹ ምን አነሰው› እያለች ጆሮውን የበላችው። ለዚያች ዓይነት መኪና ርካሽ ጎማ! ይኸው፣ በረረ።»

«ርካሽ ግዛ ማለት ወንጀል አይደለም እኮ።»

«መኪናዋን እንዲሸጣትም ስታስጨንቀው ነበር። አሁን ክሊኒኩ ለማን ነው? ቤቱ ለማን ነው? እናቴ እንኳ ዓይኗን ማየት አቅቷት ከለቅሶው አስወጥታታለች።»

«አንተስ መኪናዋን ትወዳት ነበር?»

ሹፌሩ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀም። አንገቱን አከከ። «አንድ ጊዜ ሳልነግረው ነድቻት ተጣልተናል። ወንድማማች ይጣላል።»

መርማሪዋ መንገድ ላይ ስትወጣ የሰውዬውን ታክሲ አየችው፤ አራቱም ጎማዎቹ ጥርሳቸው አልቆ ሙልጭ ብለዋል። ስለ ጎማ ሲያስተምራት የነበረው ይህ ነው።

ሚስቲቱን ያገኘቻት በተዘጋው ክሊኒክ፣ የበሽተኞች መጠበቂያ ወንበር ላይ ነው። ልብሷን ከቀየረች የሰነበተች ትመስላለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ሳትጠየቅ።

«ቆይ እስቲ እህቴ። እንዴት አድርገሽ?»

«ጎማ ቤት አብረን ሄድን። ነጋዴው የልጅነት ጓደኛው ነው። ሁለት ዓይነት አሳየን። ርካሹ አዲስ ነው፣ ዋስትናም አለው፤ እሱ ምን ጎደለው አልኩ። ጓደኛው ሳቀብኝ። ‹እንዲህ ላለች መኪና ርካሽ ጎማ ማለት ለሙሽራ የላስቲክ ጫማ ነው› አለ። ባሌ አፍሮ ዝም አለ። ኋላ አንድ ቀን ቤት ገባና ‹በቃ፣ ያንቺን ገዛሁ› አለኝ። ደስ አለኝ! ሰማኝ ብዬ ደስ አለኝ።» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«መቼ ነው ይሄ?»

«ወር ያልፈዋል። በዚያው ሰሞን እንኳ እህቱን ሊጠይቅ ሌላ ከተማ ደርሶ ተመልሷል።»

«ርካሹን ግዛ ማለትሽን ለማን ነግረሻል?»

«ያልሰማ አለ? መርዶው እንደመጣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እሪ ብዬ ተናገርኩት። እናቱ፣ ወንድሙ፣ ጓደኛው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ ወዲህ የሚያናግረኝ የለም።»

መርማሪዋ አዘነችላት፤ ግን የሚያለቅስ ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ ሥራዋ አስተምሯታል። ራሷን «ገደልኩ» ብላ የምትከስ ሴት ሌላ ጥያቄ እንዳይመጣባት ብላም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠየቀቻት። «መኪናዋ የተቀመጠችበት ግቢ ሄደሽ ነበር?»

ሴትዮዋ ቀና አለች። «ማን ነገረዎት?»

«ማንም አልነገረኝም። ጠየቅኩሽ እንጂ።»

«ሄጃለሁ። ገብቼ ተቀመጥኩ። የእሱ ሽታ ገና አልወጣም» አለች።

ግቢው አደጋ የደረሰባቸው መኪኖች የሚጠበቁበት ነው። ዘበኛው ወሬ የናፈቀው ሰው ነበርና አፉን አላሳረፈም። ወደ ቀይዋ መኪና ሦስት ሰው መጥቷል፦ ሚስቱ፣ ዕቃ ለመውሰድ የመጣው ወንድሙ፣ ከዚያም ጎማ ነጋዴው።

«እሱ እንኳ ጨዋ ሰው ነው» አለ ዘበኛው። «የጓደኛዬን መኪና ዝናብ አይምታት ብሎ በጎማ ጥገና ሰርቪስ መኪናው ሸራ ይዞ መጣ። እኔንም ‹ሂድ ምሳህን ብላ፣ እኔ እጠብቅልሃለሁ› አለኝ። እንዲህ ያለ ጓደኛ የት ይገኛል?»

መርማሪዋ ሸራውን ገለጠች። ኮፈኑ ተጨራምቷል፣ መስታወቱ ረግፏል። አራቱም ጎማዎች ርካሾቹ ናቸው፤ ጭቃም ተለቅልቀዋል። የፊት ቀኙ ነፋሱ ወጥቷል፤ ጎማው የተገጠመበት ብረት፣ ቸርኬው፣ ከድንጋዩ ጋር በተላተመበት ቦታ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ቁጢጥ ብላ ጎማውን ዳሰሰች። ጭቃውን ስትጠርገው መዳፏን አንድ ነገር ወጋ ወጋ አደረጋት፤ በጎማው ጥርስ ላይ ቀጫጭን የላስቲክ ጸጉሮች ቆመዋል። ከዚያ በየጎማው ጎን ላይ ትንሽ ቢጫ ነጥብ አየች። አራቱም ላይ ነጥቧ ከነፋስ መሙያዋ አጠገብ ልክ ገጥማለች።

«ቆይ እስቲ» አለች ለራሷ።

ጎማ ነጋዴው በራሱ እጅ የሚሠራ፣ በእጁም የሚኮራ ሰው ነው። መርማሪዋ ስትገባ የአንድ ደንበኛ ጎማ እየገጠመ ነበር።

«ለራሴ መኪና ጎማ ፈልጌ ነበር» አለችው። «ውዱ ይሻላል ርካሹ?»

«እርስዎ እንደ አነዳድዎ ነው። ቀስ ብለው የሚነዱ ከሆነ ርካሹ አያሳፍርም። ፍጥነት ከወደዱ ግን ውዱ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ይተፋዋል፣ መንገድ ይነክሳል። ፍሬን ሲይዙ ልዩነቱን ያዩታል።» እያወራ ጎማውን በቸርኬው ላይ ዞር ዞር አደረገና ቢጫዋን ነጥብ ከነፋስ መሙያዋ ጋር አገናኛት።

«ይህቺ ነጥብ ምንድን ናት?»

«የጎማው ቀላሉ ጎን ናት። ከነፋስ መሙያዋ ጋር ስትገጥም ጎማው ሚዛኑን ይጠብቃል። የሠፈር ጎሚስታ ሁሉ የሚጨነቅበት አይደለም፤ እኔ ግን እንዲህ ካላደረግኩ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብሎ ሳቀ።

«ጸጉሩስ?»

«ሲመረት የሚቀር ነው። መንገድ ሲነካ ይረግፋል።»

መታወቂያዋን ያን ጊዜ አሳየችው። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«ሐኪሙ ጎማ የገዛው ከእርስዎ ነው?»

«ከእኔ ቢገዛማ ዛሬ በሕይወት ነበር! ሚስቱን ፈርቶ ሌላ ቦታ ሄዶ ርካሹን ገዛ። ያስገጠመውም የሞተ ዕለት ጠዋት ሳይሆን አይቀርም፤ ጸጉሩ እንኳ አልረገፈም። አዲስ ጎማ፣ በዚያ ላይ ርካሽ፣ በዚያ ላይ ዝናብ...» ራሱን ነቀነቀ። «ሚስት ክፉ ምክር ስትመክር እንዲህ ነው።»

ከሱቁ በስተጀርባ ያረጁ ጎማዎች ክምር ነበር። መርማሪዋ በዚያ በኩል አድርጋ ወጣች፤ እየሄደችም ስልኳን አወጣች።

በማግሥቱ ሁሉም በግቢው፣ በቀይዋ መኪና ዙሪያ ቆሙ። እናትየው የሹፌሩን ክንድ ይዘዋል። ሚስቲቱ ከሁሉም ራቅ ብላ ቆማለች፤ ማንም ነይ አላላትም። ነጋዴው እጁን አጣምሮ ሐዘንተኛ መስሏል።

«እኔን ለምን ጠሩኝ?» አሉ እናትየው። «በዚህች ሴትዮ ላይ ልመሰክር ነው?»

«ቆይ እስቲ እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለች መርማሪዋ። ወደ ሹፌሩ ዞረች። «አንተ ታውቀዋለህ። አዲስ ጎማ ስንት መንገድ ሲሄድ ነው ይህ ጸጉር የሚረግፈው?»

ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ ዳሰሰ። «መሐሉ ላይ ያለው? ከተማውን ሳይጨርስ ይረግፋል።»

«ይህ ግን መሐሉ ላይ ሳይቀር ሙሉ ነው። ወንድምህ የሞተው ከከተማ ርቆ ነው፤ በርሮ ካልሄደ በቀር በእነዚህ ጎማዎች እዚያ አልደረሰም።»

ሹፌሩ ጎማውን ዳግመኛ ዳሰሰ።

«አሁን የፊት ቀኙን እዩ። ቸርኬው በድንጋይ ታጥፏል። ድንጋዩ ቸርኬው ጋ ለመድረስ በምን በኩል ያልፋል? በጎማው። ጎማው ግን ጭረት እንኳ የለበትም። ስለዚህ እነዚህ አራት ጎማዎች የተገጠሙት ከአደጋው በኋላ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ጭቃውም በእጅ የተቀባ ነው።»

«ማን?» አሉ እናትየው በቀጭን ድምፅ።

«እዚህ የመጣው ሦስት ሰው ነው። ሚስቱ በባዶ እጇ መጥታ ስታለቅስ ቆይታ ሄዳለች። አንተ» አለች ለሹፌሩ «ክሪክና ቡሎን መፍቻ አለህ፤ ጎማ መፍታት ትችላለህ። ጎማን ከቸርኬ አላቅቆ ሌላ ማስገባት ግን ማሽን ይፈልጋል፤ ማሽኑም ያለው በሰርቪስ መኪና ላይ ነው። ደግሞ ይህን የገጠመ ሰው ቢጫዋን ነጥብ አራቱም ላይ ከነፋስ መሙያዋ ጋር አግጥሟታል። ወደፊት ለማትነዳ መኪና ማን ለሚዛን ይጨነቃል? እጁ ሌላ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።»

ወደ ነጋዴው ዞረች። እስካሁን «እርስዎ» ትለው ነበር፤ አሁን «አንተ» አለችው።

«አንተ ነህ።»

«እኔ? ለምን ብዬ?» አለ፤ ግን ግንባሩ ላይ ላብ ጠብ ብሎ ነበር። «ለጓደኛዬ ሸራ ባለብስ ወንጀል ነው?»

መርማሪዋ ወደ በሩ ምልክት ሰጠች። ሁለት ፖሊሶች አንድ ጎማ እያንከባለሉ መጡ። ጎኑ ላይ ያለው ስም የትልቅ፣ የውድ ጎማ ስም ነው። የጎኑ ላስቲክ ደግሞ ተቀዷል። ከታጠፈው ቸርኬ አጠገብ ሲያቆሙት ቅዳዱ ከእጥፋቱ ጋር ልክ ገጠመ።

«አሮጌ ክምርህ ውስጥ ነበር። ጎማን በጎማ መሐል መደበቅ መልካም ሐሳብ ነው፤ የቦዩን ጭቃ ግን ረስተህበታል። ጥርሱን እዩት። በትኩስ ብረት እንደገና የተቀረጸ ነው፤ ከላስቲኩ ሥር የጎማው ክር ይታያል። ያለቀ ጎማ ጥርስ አውጥተህለት፣ ጥቁር ቀብተህ፣ አዲስ ብለህ ሸጥክለት። የጥርስ ሐኪሙን በጥርስ አታለልከው። ሲሞት ደነገጥክ። ለቅሶ ቤት ስትሄድ ግን ይህቺ ሴት ‹ርካሹን ግዛ ያልኩት እኔ ነኝ› ብላ ስትጮህ ሰማህ፤ መውጫህን እሷ ራሷ ነገረችህ። የቀረህ መኪናዋን ከእሷ ለቅሶ ጋር ማስማማት ብቻ ነበር።»

ነጋዴው ዓይኑን ከተቀደደው ጎማ ሳያነሳ «ስንት ሰው እየነዳበት ምንም አልሆነም» አለ። «ለእሱም ምንም አይሆንም ብዬ ነው። ጓደኛዬ ነበር እኮ።» ፖሊሶቹ ክንዱን ይዘው ወሰዱት።

ሚስቲቱ ተቀዳዶ የቆመውን ጎማ ትክ ብላ ታየው ነበር። «ያንቺን ገዛሁ ብሎኝ ነበር» አለች።

«ከነገር ለማምለጥ ብሎ ነው» አለች መርማሪዋ በዝግታ። «የገዛው የራሱን ነው።»

«ታዲያ... የእኔን ገዝቶ ቢሆንስ?»

መርማሪዋ ለዚህ ጥያቄ ቆይ እስቲ አላለችም፤ ሴትዮዋ የተጣራ መልስ ይገባታል። «አዲስ ነበር፤ ጥርሱም የራሱ። በዚያ መታጠፊያ መንገዱን ይይዝ ነበር።»

ሚስቲቱ ወደ ባዶው የሾፌር ወንበር ሄደች፤ በተሰበረው መስታወት በኩል አንገቷን አስገብታ ጮኸች። «አንተ ደረቅ! አንተ ግትር ሰው! አንድ ቀን ብትሰማኝ ምን ነበረበት?» ከሞተ ጀምሮ ያለቀሰችው እንደ ጥፋተኛ፣ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ አሁን ግን ባሏ እንደሞተባት ሴት አለቀሰች።

እናትየው የልጃቸውን ክንድ ለቀቁ። ሄደው አጠገቧ ቆሙ፤ ሊነኳት ፈርተው እጃቸውን ቀዩ በር ላይ አሳረፉ።

«እኔንም» አሉ «እኔንም ሰምቶኝ አያውቅም፣ ልጄ።»