በሆሣዕና የተነሣ ድንጋይ

ይህ ታሪክ ከራስጌው እስከ ግርጌው እውነት ነው። ውሸት ከተገኘበት አንኮበር አቀበት ላይ ጉልበቴ ይክዳኝ፤ በቅሎዬም ገደል ትጣለኝ። በቅሎ የለኝም፤ መሐላው ግን መሐላ ነው።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በዐቢይ ጾም ነው። ከአንኮበር በታች ቁልቁለቱ ላይ ሁለት የውሃ ወፍጮዎች ነበሩ። አንዱ የአቶ ወልደአረጋይ፣ ሌላው የአቶ ተክለጊዮርጊስ። ውሃ የሚመጣላቸው በአንድ ቦይ ነው። ባለቤቶቹ ግን ከአያት ጀምሮ ደመኞች ናቸው። የአንዱ ውሻ ሲጮህ የሌላው ውሻ በእልህ ዝም ይላል።

በዚያ ጾም አቶ ተክለጊዮርጊስ አዲስ የወፍጮ ድንጋይ አስጠርበው ሲያስወርዱ፣ ድንጋዩ ከሰዎቻቸው እጅ አመለጠና ቦዩ ውስጥ ዘጭ አለ። ውሃው ታገደ። ሁለቱም ወፍጮዎች ቆሙ።

አውጥቶ መጣል ነበር። ነገር ግን የአገሩ ልማድ አለ፤ ቦይ የደፈነውን ያወጣ ቤት ቦዩን ይይዛል፤ ሌላው ከዚያ ወዲያ ውሃ የሚያገኘው ለምኖ ነው። ስለዚህ የተክለጊዮርጊስ ወገን ከቀኝ ዳር በገመድ ሲጎትት፣ የወልደአረጋይ ወገን ከግራ ዳር ይጎትታል። ሃያ ወንድ በዚህ፣ ሃያ ወንድ በዚያ። ድንጋዩ መካከል ጋደም ብሎ ያያቸዋል። ዘጠኝ ቀን! ገመድ ተበጠሰ፣ ወገብ ተቀጨ፣ ያልተሰደበ አያት አልቀረም። ሴቶቹ የፋሲካውን እህል በእጃቸው እየፈጩ ሁለቱንም ወገን ይረግማሉ።

በግራ ዳር የገመዱን ፊት የያዘው የወልደአረጋይ ልጅ ዘርአ ዳዊት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የወደቀ በሬ ብቻውን ያነሣል ይባልለታል።

በአሥረኛው ቀን የተክለጊዮርጊስ ልጅ እናናየሁ ከደብረ ብርሃን መጣች። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ለበዓል መምጣቷ ነው። ቦዩ ዳር ቆማ አየችና ጠየቀች።

«አባባ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምን ሠራችሁ?»

«ላባችንን አታዪም?»

«ላቡንስ አየሁት። ድንጋዩ የት ደረሰ? ህንዳዊው መምህራችን ሥራ ማለት ጉልበት ሲባዛ በተሄደው ርቀት ነው ይላሉ። ርቀቱ ባዶ ከሆነ ሥራውም ባዶ ነው።»

ከግራ ዳር ሳቅ ፈነዳ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ዘርአ ዳዊት ነው። እሷም ዞረችበት።

«አንተን ደግሞ ምን ያስቅሃል? አባቴ ወዲያ፣ አንተ ወዲህ፤ የሱን ጉልበት ያንተ በላው፣ ያንተን የሱ። ባዶ በባዶ ላይ ስትስቅ ትውላለህ!»

«አፍሽ ድንጋይ የሚያነሣ ይመስል!»

«ክንድህስ አነሣ?»

ሊመልስላት ቀና አለ። ያገኘው ዓይኗን ነው። የጠላት ልጅ ዓይን እንዲህ እንደሚሆን ማንም አልነገረውም። ገመዱ ከእጁ ላላ፤ በአሥር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋዩ አንድ ጣት ያህል ወደ ቀኝ ሄደ።

«አንተ ከርፋፋ!» አሉ አባቱ ጀርባውን ዱላ እያቀመሱት። «ዓይንህ ወዴት ነው?»

አቶ ተክለጊዮርጊስ ግን በጠላት ፊት መዋረዳቸው አንገበገባቸው። እዚያው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጣታቸውን ልጃቸው ላይ ቀሰሩ። «ትምህርቱ ይብቃሽ! ከፋሲካ ማግስት የእነዋሪው እህል ነጋዴ ገብረአብ አግብቶ ይወስድሻል። እዚያ ገብስ እየሰፈርሽ ርቀትሽን አባዢ!»

እናናየሁ ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ሄደች። ያ አፍ ዝም ሲል ዘርአ ዳዊት ስድቧ ናፈቀው።

በማግስቱ ከወንዝ ውሃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ ጠበቃት።

«ለገብረአብ ሊሰጡሽ ነው አሉ።»

«ደስ አለህ?»

«በጣም!»

«ፊትህስ ደስ ያለው ሰው ፊት አይደለም።»

«ፊቴን እዪ ማን አለሽ?»

እንስራዋን ከጀርባዋ አላወረደችም፤ መንገዷንም አልቀጠለችም።

«ስማ» አለች በመጨረሻ። «ቦዩን በእጁ ካስገባሁለት አባቴ የጠየቅሁትን አይከለክለኝም፤ ወደ ትምህርቴ እመለሳለሁ። እሑድ ሆሣዕና ነው፤ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። አሥራ አምስት ክንድ የሚሆን የባሕር ዛፍ ግንድ ይዘህ ና።»

«የአባቴን ቦይ ላስወስድ በገዛ ትከሻዬ ግንድ ልሸከም?»

«አንተ ከቀደምክ የናንተ ነው። ወይስ በሴት መቀደም ፈራህ?»

«እኔን? አንቺ? ክንድሽ እንደሆነ የሽንብራ አገዳ ነው!»

«አሁንም ጉልበት፣ ጉልበት! ጉልበት ሲያንስ ርቀት መጨመር ነው። ያ ትልቅ ጭንቅላትህ ይህን ይያዝልህ።»

እሑድ ጠዋት ዘርአ ዳዊት ግንዱን ተሸክሞ መጣ። የመጣሁት ለመቅደም ነው እያለ ራሱን ሲያታልል ነው የደረሰው። እሷ ቀድማ ቦዩ ዳር፣ ከድንጋዩ አጠገብ፣ መደገፊያ የሚሆን ጠንካራ ድንጋይ አስተካክላ ጠበቀችው።

እሱ ግን ግንዱን ጥሎ ቦዩ ውስጥ ዘለለ። ውሃው ደረቱ ደረሰ፤ ድንጋዩን እንደ ዘመድ አቅፎ ታገለው። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም።

«ጨረስክ?» አለችው ከላይ። የግንዱን ጫፍ ከድንጋዩ ሥር ሰክታ መደገፊያው ላይ አጋድማዋለች። «ይሄኛው ጫፍ ብዙ ይወርዳል፣ ድንጋዩ ትንሽ ይነሣል። በርቀት የከፈልነውን በጉልበት እናገኘዋለን።»

ወጣ። እየነጠበ ጎኗ ቆመ፤ ትከሻቸው ተነካካ። ሁለቱም ግንዱን ተጫኑት።

ድንጋዩ አቃሰተ። ቀስ ብሎ ተነሣና በጠርዙ ቆመ። ያን ጊዜ ቦዩ የያዘው ውሃ ከኋላ መታው! ድንጋዩ እንደ ጎማ እየተሽከረከረ ቁልቁል ወርዶ፣ ቦዩ ለሁለቱ ወፍጮዎች ከሚከፈልበት መገንጠያ ላይ ደረሰና ጧ ብሎ ተኛ። ውሃውን እኩል ለሁለት ሰነጠቀው። ሁለቱ ወፍጮዎች ባንድ ጊዜ ማጉረምረም ጀመሩ።

ሕዝቡ ዘንባባውን እንደያዘ ከቤተ ክርስቲያን እየሮጠ መጣ። ከፊት የውሃው ዳኛ አለቃ ኪዳነ ማርያም ናቸው።

«ማን አወጣው?»

ሁለቱ አባቶች ልጆቻቸው አፍ ላይ ዓይናቸውን ተከሉ። እናናየሁ አባቷን አየች። ከዚያ እግሩ ሥር ኩሬ የሠራውን ዘርአ ዳዊትን አየች።

«ሁለታችን ነን፣ አለቃ። አብረን ተጫንነው።»

«እንግዲያ ያወጡት ሁለቱም ቤቶች ናቸው። ቦዩ የጋራ ነው፤ አለቀ!»

«ከደመኛዬ ልጅ ጋር!» ብለው ጮኹ አቶ ተክለጊዮርጊስ።

«እኔስ ካንተ ዘር ጋር ውሃ ልካፈል?» ብለው ዘለሉ አቶ ወልደአረጋይ።

የዘርአ ዳዊት እናት ወይዘሮ ደመቀች የተላጠ መዳፋቸውን በሁለቱም ፊት ዘረጉ። «አሁን አንዳችሁ ድንጋዩን ብትነኩ፣ በዚህ እጄ የምፈጨው እናንተን ነው!»

ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ ተክለጊዮርጊስ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሂጂ! ደብረ ብርሃን ሂጂ! ገብረአብም ይህን አፍ አይችለውም። ለዚህ ጎረምሳ ግን እስክሞት አልሰጥሽም!»

በግርግሩ መሐል ዘርአ ዳዊት ከዘንባባ ቀለበት ሠርቶ ጣቷ ላይ አሰረላት።

«ትምህርቴን ሳልጨርስ አላገባም» አለች በሹክሹክታ፣ እጇን ሳትነጥቀው።

«ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ።»

«ቁጭ ብሎማ ርቀት የለውም። ባዶ ነው።»

ስለዚህ ሄደ። በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ በጭቃም በውርጭም፣ የአንድ ቀን መንገድ ወደ ደብረ ብርሃን፣ የአንድ ቀን መንገድ መልስ። የላካቸውን ሽማግሎች አባቷ ሦስት ጊዜ በውሻ አባረሩ። በአራት ዓመቱ፣ በአራተኛው ጊዜ፣ «የዚህ ልጅ እግር አያልቅም እንዴ?» ብለው በሩን ከፈቱ። በሠርጉም ቀን ሁለቱ አማቾች ጀርባቸውን ተሰጣጥተው በሉ።

ድንጋዩ መገንጠያው ላይ መተኛቱን ተጠራጥራችሁ ይሆናል። እሱ እውነት ነው። ከዚህ ሁሉ የፈጠርኩት አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ አብረው ተጫኑት ማለቴ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዘርአ ዳዊት ከቦዩ አልወጣም፣ ግንዱንም አልተጫነም። የተጫነችው እናናየሁ ብቻዋን ናት። እሱ ውሃው ውስጥ ድንጋዩን እንዳቀፈ ነበር፤ ድንጋዩ ሲነሣ ጎርፉ ጠርጎ መገንጠያው ድረስ ወሰደው። ቦዩ በልማዱ የአባቷ ነበር፤ እሷ ናት «ሁለታችን» ባለችው በአንድ ቃል ለሁለት የከፈለችው።

በዚያ ጠዋት የዘርአ ዳዊት ሥራ ባዶ ነው። የሄደው ርቀት እንኳ የውሃው ነው። የደብረ ብርሃኑን መንገድ ግን በገዛ እግሩ ነው የሄደው።