የእናት መቀነት

ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ነፋስ በባሕር ዛፉ ውስጥ ሌት ተቀን በሚያፏጭበት ዳገት፣ የማርያምወርቅ የምትባል መበለት ከአንድያ ልጇ ከለተጊዮርጊስ ጋር ትኖር ነበር። ለተ ሃያ ዓመት ቢሞላትም አትናገርም፤ ጫጫታ ሲበዛባት ጆሮዋን ይዛ እግሯ ወዳመራት ትሮጣለች። ጎረቤት «ልክፍት ነው» አለ። እናት ግን የልጇን አያያዝ ታውቅበት ነበር! የሚሆነውን እንድታውቅ አስቀድማ ዕቃ ታስይዛታለች፤ ሳሙና ከሆነ ገላ መታጠብ፣ ነጠላ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን መሳም። ያኔ ለተ ትረጋጋለች።

በ1956 ክረምት የማርያምወርቅ ደም ማሳል ጀመረች። ልጇን ከእንጦጦ ጫካ ሥር ላለው የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ከመስጠት ሌላ ምን ምርጫ ነበራት? በማግሥቱ ልትጠይቃት ብትሄድ በገመድ ታስራ አገኘቻት።

«ፍቱልኝና ላሳያችሁ!» ብላ በአስታማሚዎቹ በድሬሰሮቹ እግር ላይ ወደቀች።

ሐኪሙ ፈቀደ። ከዚያ ወዲያ እያሳለች ዳገቱን እየወጣች የልጇን አያያዝ ታስተምራቸው ጀመር። «እትዬ፣ ደመወዝዎ ስንት ነው?» እያሉ ቀለዱባት። ከመካከላቸው ከልቧ የተማረች ሙሉነሽ የምትባለዋ ድሬሰር ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን የማርያምወርቅ ከወገቧ ተለይቶ የማያውቀውን መቀነቷን ፈትታ ለሙሉነሽ ሰጠቻት።

«ስሞት ይህን አስይዣት፤ መሞቴ ይገባታል።»

«እትዬ፣ አያሟርቱ!»

«ስሚኝ ልጄ። መርዶ ብለው ተሰብስበው እንዳይመጡባት። በሩን ዝጊልኝ... አንቺው ንገሪያት፣ ለብቻዋ፣ በዝግታ።»

«ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ እዘጋለሁ!»

ሞት ግን መቼ ቀጠሮ ያከብራል? የማርያምወርቅ አርፋ ተቀበረች፤ ሞቷም እንደ ወጉ፣ መርዶ እስኪነገር፣ ከልጇና ከማቆያው ተደበቀ። ከዚያ ጎህ ሲቀድ፣ ዝናብ እየወረደ፣ ወንድሟ ሣህሌ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ማቆያው በር ላይ ቆመ። ሙሉነሽ ለሐዘን የተዘቀዘቀ ነጭ ነጠላቸውን ስታይ ነገሩ ገባት፤ በሩን ያዘች።

«ጋሼ፣ በእመቤቴ፣ ዛሬን ይመለሱልኝ!»

«እህቴ ሞታ ልጇ ሳታለቅስላት ትቅር? ለቀስተኛ ላይ በር ትዘጊያለሽ?»

ለቀስተኛ ላይ በር ዘግቶ የሚያውቅ ማን አለ? ሙሉነሽ በሩን ለቀቀች...

ዋይታው የለተን ክፍል ሞላው። ደረት ተደቃ። ለተ ጆሮዋን ይዛ በጓሮ በር ወጣች፤ ወደ እንጦጦ ጫካ፣ ወደ ጎርፉ! ሙሉነሽ መቀነቱን ጨብጣ «ለተ! ለተዬ!» እያለች ተከተለቻት። ማን ይስማት?

ረፋድ ላይ ከገደሉ ሥር አገኟት። ሙሉነሽ መቀነቱን በቀዘቀዘው የለተ እጅ አስያዘች። ሣህሌ ጭቃው ላይ ተቀምጦ፣ «ወድጃት ነው የመጣሁት... ወድጃት!» ይል ነበር።

ወይ ዕጣ! ፍቅርም እንዲህ ይገድላል? ሙሉነሽ ኋላ የድሬሰሮች አሠልጣኝ ሆነች። አዲሶች ሲመጡ ትምህርቷን በቃል አትጀምርም። ተነሥታ ትሄድና፣ ዕንባዋ እየወረደ፣ በሩን ትዘጋለች።