ሃያ ሦስተኛዋ ዳዶ

ሴና የሱፊያንን ቀልድ ሰማች እንጂ የመፍቻውን ድምፅ አልሰማችም።

«ቀጭ» ማለት ነበረበት። ዳዶዋ ልኳ ላይ ስትደርስ መፍቻው እጇ ውስጥ ቀጭ ይላል፤ ያኔ ታቆማለች። ሃያ ሁለት ጊዜ እንደዚያ አድርጋለች። ሃያ ሦስተኛዋ ላይ ግን ሱፊያን የፊዚክስ መምህራቸውን አካሄድ እያስመሰለ ግቢውን ዞረ፤ ሳቋ አመለጣት፤ እጇ መግፋቱን ቀጠለ። ከዚያ ጠንክራ የነበረችው ዳዶ በድንገት ለሰለሰች። መፍቻው ያለ ምንም ትግል ግማሽ ዙር ሄደ።

«ምነው?» አለ ሱፊያን ቆም ብሎ።

መፍቻውን አንስታ ዳዶዋን ጓንቲ ባጠለቁ ጣቶቿ ሞከረቻት። ወደ ቀኝ ዞረች። ወደ ግራም ዞረች። አትጠብቅም፤ አትወጣምም።

«ጥርሷ ተበላ» አለች ሴና።

ጥቁሯን መኪና መቱ ውስጥ የማያውቃት አልነበረም። አባቷ አቶ ደበሳ የአንድ ድርጅት ሾፌር ሆነው አሥራ ስድስት ዓመት የነዷት፣ ድርጅቱ ሲዘጋ ደግሞ በጨረታ የገዟት የሥራ አስኪያጁ መኪና ናት። የቆዳ ወንበሮቿ ተሰነጣጥቀዋል፤ ቀለሟ ግን አሁንም ፊት ያሳያል። ሃይብሪድ ስለሆነች በቤንዚንም በኤሌክትሪክም ትሄዳለች። ወደ ሶር ድልድይ ስትወርድ ሞተሯ ዝም ሲል የሰፈር ልጆች «ጋሼ ደበሳ፣ ጠፋችብዎት!» እያሉ ከኋላዋ ይሮጡ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ግን ከመሪው ፊት ክሩስኮቷ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን መብራት በራና ግቢያቸው ውስጥ ቆማ ቀረች።

ዋናው መንገድ ላይ ጋራዥ ያለው ኩማ መጥቶ የኋላ ወንበሩን ገለጠ፤ ብርቱካንማዎቹን ወፋፍራም ሽቦዎች አየና መልሶ ከደነው። «ጋሼ፣ እኔ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ» አለ። «ዶሮ ያሳድሩባት።»

ስለዚህ አባትና ልጅ ራሳቸው ጀመሩት። ሴና በስልኳ የእንግሊዝኛ ቪዲዮ እየከፈተች ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ትተረጉማለች፤ አቶ ደበሳ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ከመብራት ኃይል ሠራተኛው ጎረቤታቸው የጎማ ጓንቲ ተዋሱ። ከኋላ ወንበሩ ሥር ያለው ትልቁ ባትሪ ሲከፈት የመኪናዋ በሽታ ታየ፤ ማቀዝቀዣው ፋን በአቧራና በቡና ገለባ ታፍኗል፤ የባትሪውን ክፍሎች የሚያያይዙት የመዳብ ቁርጥራጮች አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል። ሦስት ቅዳሜና እሑድ ሙሉ መዳቦቹን በአቼቶ ዘፍዝፈው፣ በብርጭቆ ወረቀት እንደ አዲስ እስኪያበሩ ፈገፈጓቸው። አሁን የቀረው መልሶ ማሰር ብቻ ነበር።

የሥራው ሕግ አንድ ነው። ባትሪው ከመነካቱ በፊት ከጎኑ ያለችው ብርቱካንማ ሶኬት ትነቀላለች፤ የነቀላት ሰው ሥራው እስኪያልቅ ኪሱ ውስጥ ይይዛታል። እጁ ባትሪው ውስጥ እያለ ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳይሰካት ነው። አቶ ደበሳ ነቃይነቱን ለሴና ሰጡ። እሳቸው ሩቅ ያያሉ እንጂ የቅርብ ነገር ይደበዝዝባቸዋል፤ ጣቶቻቸውም ለትንንሾቹ ዳዶዎች አይሆኑም። ሴና ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቺን ሶኬት በዩኒፎርሟ ኪስ ይዛ ትምህርት ቤት ተመላልሳለች።

«ስንት ናቸው በጠቅላላው?» አለ ሱፊያን ወደ ባትሪው አጎንብሶ። ሞተር ሳይክል የሚጠግነው የኑረዲን ልጅ ነው፤ የክፍል ጓደኛዋም ነው። ልክ የሚለካውን መፍቻ፣ ቶርኩን፣ ከአባቱ ሱቅ ያመጣላት እሱ ነበር።

«አርባ።»

«ታዲያ ሠላሳ ዘጠኙ ይይዙታላ! ነጥብ አድርጊባት በቃ። ማን ያያታል?»

የጠበቀች ዳዶ ሁሉ ነጭ ነጥብ ይደረግባታል። ሴና ለዚህ የምትጠቀመው ደብተሯ ላይ ስሕተት የምታጠፋበትን ፍሉይድ ነው።

«የላላች ዳዶ ትሞቃለች» አለች። «ሰውየው ቪዲዮው ላይ ያሳየውን አላየህም? ሳጥኑ ቀልጦ፣ ወንበሩ ጠቁሮ።»

«ነገ ያዮ ድረስ እኮ ነው የምትሄዱት፣ አዲስ አበባ አይደለም! አንድ ሰዓት ብትፈጅ ነው። እሺ ለአባትሽ ንገሪያቸው። ኩማ ምን እንደሚል ግን ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ባለፈው ሳምንት ኩማ በአጥሩ በኩል አንገቱን አስግጎ፣ ጓንቲ አጥልቃ ሲያያት፣ «ጋሼ፣ መኪናዋን የሕፃን መጫወቻ አደረጓት እንዴ?» ብሎ ነበር። አቶ ደበሳ ከደብተራቸው ቀና ሳይሉ፣ «ከእጅህ እጇ ይሻለኛል» አሉት። ሴና ያን ቀን ማታ ሳህን ስታጥብ እጆቿን ደጋግማ አይታቸዋለች።

የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ሰሙ። ሴና ብሩሿን ፍሉይዱ ውስጥ ነከረችና ሃያ ሦስተኛዋ ላይ ነጥብ አደረገች። እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። ከዚያ የቀሩትን አሥራ ሰባቱን እያንዳንዷን ቀጭ እያሰኘች ጨረሰች።

መጀመሪያ ወደ ቤት ገብተው የነበሩት አቶ ደበሳ ወጡና ኮታቸውን አጥሩ ላይ ሰቀሉ። «የመኪናዋን ትንሿን ማስነሻ ባትሪ ኑረዲን ጋ ቻርጅ ላይ አድርጌያታለሁ፤ ጠዋት ሱፊያን ያመጣታል። አለቀ?»

«አለቀ፣ አባዬ።»

ሁለተኛውን ጓንቲ አጥልቀው ተንበረከኩና አንድ ጣታቸውን ነጥቦቹ ላይ እያሳለፉ መቁጠር ጀመሩ። የሚቆጥሩት ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። «ቶኮ... ለማ... ሰዲ...»  «ዲግደሚ ሰዲ» አሉና ጣታቸው ሃያ ሦስተኛዋን ነክቶ አለፈ። ዳዶዋ ስትነቃነቅ ለሴና የታያት መሰላት። አቶ ደበሳ ግን አርባ፣ «አፉርተማ» ላይ ደርሰው ተነሡና ትከሻዋን መታ አደረጓት።

«ጎሽ፣ ኢንተላ ኮ! ልጄ!»

ሱፊያን መሬት መሬቱን እያየ መፍቻውን ይዞ ወጣ። አባትና ልጅ ክዳኑን ገጠሙ፤ ወንበሩንም መልሰው አሰሩ።

እራት ላይ የሚወራው ሁሉ ስለ ነገ ነበር። ታላቅ እህቷ ጃለኔ ለመውለድ እነሱ ቤት መጥታ በኦፕራሲዮን ከተገላገለች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው፤ ነገ ወደ ያዮ ትመለሳለች። ባሏ ቀነዓ ያዮ ሆኖ ይጠብቃታል፤ ዘመዶቹ ከእኩለ ቀን በፊት ይሰበሰባሉ።

«አውቶቡስ ቢሆን እኮ እምቢ እል ነበር» አለች ጃለኔ ሆዷን በእጇ ደግፋ። «ስመጣ እያንዳንዱን ጉድጓድ ቆጥሬዋለሁ። አሁን ደግሞ ስፌት አለኝ።»

«የኋላው ወንበር ያንቺ ነው» አሉ አቶ ደበሳ። «ተጋድመሽ ነው የምትሄጂው። አለቃዬ እንኳ እንደዚያ አልተንደላቀቀባትም።»

«ሕፃኑስ?»

«አጠገብሽ ይተኛላ!»

ሴና እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ሶኬቷን ጨበጠች። አሁን መናገር ትችላለች። አፏን ከፈተች፤ አባቷ ግን ለእናቷ ለተጂቱ፣ «አርባ ዳዶ! አንዷንም አልሳተችም» እያሉ ነበር። ውኃ ጠጣችና ተነሣች።

ጠዋት ፀሐይዋ ገና ሙቀት ሳታወጣ መኪናዋ ታጥባ ቆመች። አቶ ደበሳ የሾፌርነት ዘመናቸውን ሰማያዊ ካፖርት ለብሰዋል። ሱፊያን ትንሿን ባትሪ በጋሪ ገፍቶ አመጣና ሲያስገቡ አገዘ። ከዚያ ወደ ሴና ተጠጋ።

«ነገርሻቸው?»

«አልነገርኩም።»

«እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለ። ቀልድ የሚጨምር መስሏት ጠበቀች፤ አልጨመረም።

ኩማ አጥሩ ላይ ክርኑን አስደግፎ ደርሷል። «እህ፣ ዶሮዎቹ ወረዱ?»

«አንተም ትመጣለህ ብለን ቆጥ ትተንልሃል» አሉ አቶ ደበሳ። ዛሬ ጨዋታ አምሯቸዋል።

እናቷ ጃለኔን ደግፋ የኋላው ወንበር ላይ አጋደመቻት፤ ሕፃኑንም በብርድ ልብስ ጠቅልላ አጠገቧ አስተኛችው። የሶኬቷ ቦታ ከወንበሩ ጎን ስለሆነ ጃለኔ እግሯን ሰብሰብ አደረገች።

«በይ፣ የነቀለ ይሰካል» አሉ አቶ ደበሳ። «ሱታ፣ ሱታ። ቀስ ብለሽ።»

ሴና ሶኬቷን ከኪሷ አውጥታ አጎነበሰች። ሃያ ሦስተኛዋ ዳዶ የት እንዳለች ወንበሩ ቢሸፍናትም ታውቃለች። ከግራ በኩል፣ ከመሐል ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ሕፃኑ የተኛው እዚያ ላይ ነበር። አንድ እግሩ ከብርድ ልብሱ ሾልኮ ወጥቷል፤ ጣቶቹ ከዳዶዎቹ አይበልጡም።

የአባቷ ስልክ ጮኸ። «ቀነዓ ነው» አሉ። «ጨርሺ፣ ተነሣን ልበለው።»

ሴና ቀና አለችና ሶኬቷን ኪሷ ውስጥ መለሰቻት።

«ጃሌ፣ ውረጂ።»

«ምን?»

«ሕፃኑን ይዘሽ ውረጂ። አባዬ፣ ትናንት ሃያ ሦስተኛዋን ነክተው አለፉ። ጥርሷ ተበልቷል፣ አልጠበቀችም። ሳላጠብቃት ነው ነጥብ ያደረግኩባት።»

ስልኩ መጮሁን አላቆመም። ኩማ ከአጥሩ ላይ ክርኑን አነሣ።

«እኔ ነኝ ያሳቅኳት፣ ጋሼ» አለ ሱፊያን ከኋላ። «ነጥብ አድርጊባት ያልኳትም እኔ ነኝ።»

አቶ ደበሳ እሱን አላዩትም። «ስቆጥር አጠገቤ ነበርሽ» አሏት። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፤ ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። «ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«ከእንግዲህ መፍቻውን እንዳይከለክሉኝ።»

ጃለኔ ሕፃኑን አቅፋ በእናቷ ትከሻ ተደግፋ ወረደች። ፊቷ ተኮማትሯል። «የሰው ሁሉ ዝግጅትስ? ምን ልበላቸው እኔ?» አለች። እናቷ የሴናን ፊት አየችና ጃለኔን ወደ ቤት አስገባቻት።

አቶ ደበሳ ስልኩን አነሡ። «ቀነዓ፣ ዛሬ አንደርስም። አይ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው... አንድ ዳዶ ሳናጠብቅ ቀርተናል። አዎ፣ አንድ። ከባትሪው ላይ ነው... ሰዎቹን ይቅርታ በልልኝ።» ዘግተው ስልኩን ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱ።

«አላልኩም?» አለ ኩማ።  ከዚያ አጥሩን ዞሮ ገባ፤ በሩ አጠገብ ቆሞ አንገቱን አሰገገ። «ጥርሱ የተበላው ዳዶው ነው ወይስ ብሎኑ?»

«ስትወጣ ነው የሚታወቀው» አለች ሴና። «ዳዶው ከሆነ ይቀየራል። ብሎኑ ከሆነ ግን ያ የባትሪ ክፍል ራሱ መቀየር አለበት።»

ኩማ አገጩን አሸት አሸት አደረገ እንጂ አልሳቀም።

አቶ ደበሳ ካፖርታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ። አንዱን ጓንቲ አንሥተው ለማጥለቅ ሞከሩ፤ ጣታቸው መሐል ላይ ሲደርስ ተዉትና ጥንዱን ጓንቲ የመኪናዋ ደፍ ላይ አኖሩት። «ውሰጂ» አላሉም፤ «ተዪ»ም አላሉም። አጠገቡ ተቀመጡ።

«ቶርኩን ላምጣው?» አለ ሱፊያን፤ መልስ ሳይጠብቅ ሮጠ።

ሴና ጓንቲዎቹን አነሣች። ትንሿን ባትሪ ፈትታ፣ የወንበሩን ብሎኖች አንድ በአንድ አውጥታ፣ ክዳኑን አነሣች። አርባዎቹ ነጭ ነጥቦች በፀሐይዋ አበሩ፤ ሃያ ሦስተኛዋ ከሌሎቹ በምንም አትለይም ነበር። ከኪሷ የክብሪት እንጨት አወጣችና ነጥቧን ፈቀፈቀቻት። ነጩ እየተሰነጠቀ ረገፈ፤ ብረቱ ብቅ አለ።

እዚያ ላይ አላቆመችም። ሃያ ሁለተኛዋንም ፈቀፈቀቻት፤ ከዚያ ሃያ አንደኛዋን።

«እነዚያ ደግሞ ምን ሆኑ?» አሉ አባቷ።

«ምንም አልሆኑም። ሃያ ሦስተኛዋ እስክትቀየር ግን ሌሎቹን ሁሉ እንደ አዲስ ላጥብቃቸው። እርስዎም ጆሮዎን ያቅርቡ፤ ቀጭ ሲል ካልሰሙ እንዳይቆጥሩልኝ።»

 ሱፊያን እያለከለከ መፍቻውን አቀበላት፤ እሷም የመጀመሪያዋ ዳዶ ላይ አጠለቀችው። ቀስ አድርጋ ገፋች። 

ቀጭ።

«ቶኮ» አሉ አቶ ደበሳ።