ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆመው ትራክተር

«መዶሻው ሳር አያጭድም፣ ይፈጫል» አለ ጥላዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የተፈጨ ሳር ድርቆሽ አይሆንም። ላሟ አሽትታ ትታው ነው የምትሄደው።»

«ይሄንን ደጋግመው ነገሩኝ፣ ጋሼ» አለች ትርሲት። «እኔም ደጋግሜ መለስኩ። አሁን ግንቦት ነው። ድርቆሹ የጥቅምት ነው። በጥቅምት ሳህኑን ይዤልዎ እመጣለሁ። የዛሬው ነገር ቦዩ ነው።»

ትርሲት የመጣችበት በራሪ ጋሪ ከመሬት ጉልበት በሚያህል ከፍታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ክርክሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ጎማም ክንፍም የለውም፤ ከተማ ውስጥ ልጆች እንኳ ዞር ብለው የማያዩት ዓይነት ነው። ከሆዱ ሥር ሦስት የትራክተር ማጨጃዎች ተንጠልጥለዋል። አንዱን መቀስ ይሉታል፤ በረጅም ብረት ላይ የተደረደሩ ጥርሶቹ ወዲያና ወዲህ እየተላለፉ ሳሩን ከሥሩ ቆርጠው፣ ሳይሰብሩ ያስተኙታል። ሳህን የሚባለው በሚሽከረከሩ ክብ ብረቶች የሚያጭድ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ድንጋይ ግን አይችልም። መዶሻው ረጅም ክንድ አለው። በክንዱ ጫፍ የተንጠለጠሉት አጫጭር ብረቶች ሲሽከረከሩ ቁጥቋጦውንም እሾሁንም ያደቅቃሉ፤ ክንዱም ቦይ ውስጥ ይገባል። ትርሲት አንዱን ትራክተሩ ላይ ገጥማ ሁለቱን ይዛ መመለስ ነበረባት።

«መቀሱን ስጪኝ» አለ ጥላዬ። «የአሮጌው ጥርስ አልቋል። አዲስ ከሆነ ቦዩንም ቀስ ብሎ ይጨርሰዋል።»

«ቦዩ ውስጥ ያለው ሳር እኮ አይደለም፤ ዳዋ ነው። የክንዴን ውፍረት የሚያህል ግንድ አለበት። መቀስ እዚያ ከገባ ጥርሱን አርግፎ ነው የሚወጣው።»

«አንቺ በእጅሽ አጭደሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። እርስዎ ደግሞ ዋና አይችሉም። ዘንድሮም ቦዩ ካልተከፈተ በነሐሴ የሚያስፈልግዎ ዋና ነው።»

ጥላዬ ሊስቅ ፈለገና ተወው። እውነቷን ነበር። ባለፈው ክረምት ውሃው መውጫ አጥቶ ጨፌው ላይ ተኝቶ ከረመ፤ ግማሹ ሳር በሰበሰ። ዘንድሮ ከተደገመ ትርሲትን የላከው መሥሪያ ቤት ጨፌውን እንደሚዘጋ ነግሮታል። ያን ጊዜ ትራክተሩም ይነሳል፣ ጥላዬም ይነሳል፣ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው መሬት ለዳዋ ይቀራል።

«ሳህንና መዶሻ የራሳቸው አእምሮ አላቸው» አለ በመጨረሻ፣ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንስቶ። «ሲገጠሙ የትራክተሩን ይደመስሱታል። መቀስ ብረት ብቻ ነው።»

ክርክሩ ስለ ሳር እንዳልነበረ ትርሲት ያኔ ገባት።

ትራክተሩ እጅ ለማዳ ከሚባሉት ነበር፤ እንደ ዛሬዎቹ ከፋብሪካ አውቆ የመጣ ሳይሆን፣ ሰው ሲነዳው የነጂውን እጅ እየተከተለ የተማረ። ያ ነጂ ጥላዬ ነበር። የትኛው ጉብታ ላይ ማጨጃው ከፍ እንደሚል፣ የትኛው እርጥብ መሬት ላይ ቀስ እንደሚባል፣ ሁሉን ከእሱ ወሰደ። ተምሮ ሲጨርስ ነጂ አላስፈለገውም። ጥላዬ ቤት ዋለ። ለእሱ የቀረው ዘይት መቀየርና ድርቆሹን ማስጫን ነው።

«ችግሩ እኮ እጅዎ ነው» አለች ትርሲት ረጋ ብላ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ቦዩ የሚታጠፍበት ጋ ይቆማል። ማጨጃውን ያነሳል፣ ይጠብቃል፣ ይሄዳል፤ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይቆማል። የሚያይባቸውን ዳሳሾች ቀየርኩለት፣ ለውጥ የለም። ከፊቱ ምንም ነገር የለም።»

«ቅዳሜ?»

«ዛሬም ቅዳሜ ነው። መጥተው ይዩት።»

ጥላዬ እዚያ ድረስ ከሄደ ቆይቷል። ሲደርሱ ትራክተሩ አሮጌውን መቀስ በቦዩ ዳር እየጎተተ መጣ። መታጠፊያው ላይ ቆመ። ማጨጃውን አነሳ፣ ሞተሩን ዝግ አደረገ። ከፊቱ ያለው ሳር የወረሰው የእግር መንገድ ብቻ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ብረቱን አውርዶ ቀጠለ፤ ብዙም ሳይርቅ እንደገና ቆመ።

«የገበያ መንገድ ነበር» አለ ጥላዬ።

በእጁ ቁልቁለቱን አሳያት።

«ቅዳሜ ሰው በዚህ ይወርዳል። ሥራ ላይ ያለ ሰው ዝም ተብሎ አይታለፍም። ‹ያበርታህ› ይሉኛል። እኔም አሜን ብዬ፣ እንዴት አደራችሁ እላለሁ። ማጨጃው እየጮኸ ሰላምታ ነውር ነው፤ አነሳዋለሁ።»

ትራክተሩ ለአጭር ጊዜ ቆሞ ሄደ።

«ይቺ ያለፈችው የሺመቤት ናት። እንቁላል ስለምትይዝ ቆማ አታወራም።»

በሚቀጥለው ቦታ ቆይታው ረዘመ። ትርሲት መሬት ላይ ቁጢጥ አለች። አሁንም አላለቀም።

«አያ ደርበው» አለ ጥላዬ፣ ፊቱ ፈታ ብሎ። «የላሞቹን ጤና አንድ በአንድ ሳይጠይቅ አይሄድም። የኔን ሲጨርስ ወደ ወንድሜ ላሞች ይሻገራል።»

«አሁን የት ናቸው?»

«ከተማ። ስልሳኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሰው። ደውዬለት ነበር። በደጄ የሚያልፍ ሰው የለም፣ ሁሉም በሊፍት ነው የሚያልፈው አለኝ።»

ሰዎቹ የሄዱት ባንድ ቀን አልነበረም። አንድ ቤት ተዘጋ፣ ቆይቶ ሌላው። መንገዱ መቼ ባዶ እንደሆነ ጥላዬ አላስተዋለም፤ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ነበር። የሚያሳልፋቸው ትራክተሩ ነበር።

«ከፈለጉ መቀሱን እገጥማለሁ» አለች ትርሲት ተነስታ። «ዳዋውን በእጅ እንቆርጠዋለን ብዬ ለመሥሪያ ቤቱ እነግራለሁ።»

«እነማን ሆነን?»

ጥላዬ ወደ ቦዩ ጎንበስ ብሎ አየ። ሥሩ እርስ በርሱ ተቆላልፏል፤ መሬቱ አይታይም።

«ደርበው ይሄን ቢያይ ሰላምታውን ትቶ ይሰድበኝ ነበር» አለ። «ቦይህ ዳዋ ለብሶ አንተ ቆመህ ታወራለህ ይለኝ ነበር። ግጠሚው፣ መዶሻውን።»

እሷ ስትገጥም እሱ መፍቻ አቀበላት። ትራክተሩ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ጠፍታ፣ በሌላ ቀለም በራች። ሌላ የታየ ነገር አልነበረም። ትርሲት መቀሱንና ሳህኑን ይዛ ወደ ከተማ ተመለሰች።

መዶሻው ሥራውን ያውቃል። በሳምንቱ ቦዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከፈተ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ውሃው ሳይተኛ ወረደ። ጥላዬ ደጁ ላይ ቆሞ ድምፁን ሰማ። ጨፌው ተርፏል፤ ጠባቂም ነጂም የማያስፈልገው ሆኖ ተርፏል። እስከዚያ ቀን ድረስ ለሳሩ ሲል ብቻውን የቀረ ይመስለው ነበር፤ ሳሩ ግን ያለ እሱም ይበቅላል።

ቅዳሜ ጠዋት ጋቢውን ደርቦ በሩን ዘጋና ወደ ከተማ ሊሄድ በገበያው መንገድ ወረደ። ቦዩ የሚታጠፍበት ጋ ትራክተሩ ከፊት ለፊቱ መጣ። ጥላዬ ዳር ይዞ ቆመለት።

«ያበርታህ» አለው።

መዶሻው እየጮኸ አለፈ። የደቀቀ ቅጠል ትከሻው ላይ ተበተነ። ጥላዬ ጋቢውን አራግፎ ቁልቁለቱን ቀጠለ።