የነስሩን ብርጭቆ የማልመልስበት ምክንያት

ወዳጄ፣ እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፤ የጎረቤቶቼ ኮርኒስ ሌሊት ሲንኳኳ እነሱ ጠበል ሲያስረጩ እኔ ወጥመድ ይዤ ነው የሄድኩት፣ አይጥ ነበረች። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ የዚያን ቀን ስህተቴን ስትሰማ "ይሄ ሽማግሌ ከጠዋቱም ዞሮበት ነበር" ብለህ እንዳትገላገለኝ ነው።

ዕድሜ ልኬን ቴሌቪዥን ጣቢያ የድምፅ ባለሙያ ነበርኩ፣ "ማይክ ካልዘጋኸው ይሰማሃል" እያልኩ ስንቱን ጀማሪ አስጨንቄ ጡረታ ወጣሁ። ታዲያ በአንድ የበዓል ዋዜማ፣ ዱባይ ተራ ሆነው የመርካቶን ገበያ በቀጥታ ሊያስተላልፉ የተዘጋጁ ልጆች ድምፅ ሠራተኛቸው ታመመባቸውና፣ ትዕግስት የምትባል ገና በሙከራ ላይ ያለች ጋዜጠኛ "ጋሼ አስፋው ይምጡልኝ" ብላ አስጠራችኝ። ሄድኩ፣ ትርፉን ማይክ ልሞክረው ብዬ ኮሌታዬ ላይ ሰካሁት፣ እዚያው ረሳሁት፣ እሷ ከፊት ሆና የልብስ ዋጋ ለሕዝብ ስታብራራ እኔ ከኋላዋ በውስጥ ሱሪ ዋጋ እከራከር ነበር። "ላስቲኩ ቶሎ ይላላል ወይ? በዓል ለት አንድ እጄን ሱሪ መያዣ ማድረግ አልፈልግም" ስል አገር ሰማ።

ዳይሬክተሩ ከስቱዲዮ በጆሮ ማዳመጫዬ የተናገረውን አልደግምልህም። ቀጥሎ ለትዕግስት ደወለላት፤ ከዜናው በኋላ አንዴ ደግመን በቀጥታ እንገባለን፣ ያኔ ትንሽ እንከን ከተሰማ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ አላት። እኔንማ ምን ያደርጉኛል፣ ያስጠራችኝ እሷ ስለሆነች ጣጣው ወደ እሷ ዞረ። ልጅቱ አልተቆጣችም፣ "ጋሼ፣ ሱሪውን ግን ገዙት?" ብቻ አለችኝና ፊቷን አዞረች፤ እመነኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው ስርጭት ከነስሩ ሱቅ ነበር። ነስሩ ቴሌቪዥን የሚሸጥ የስልጤ ነጋዴ ነው፣ ግድግዳው ሙሉ ስክሪን፣ ሁሉም የእኛን ጣቢያ ከፍተው ዜና ያሳያሉ። በርጩማ ሰጠኝ፣ ሻይ ቀዳልኝ። ከጎኔ ዕቃ የሚደረድርበት፣ ጀርባው የተነፋ አሮጌ ቴሌቪዥን ነበር፣ ብርጭቆዬን አናቱ ላይ አስቀመጥኩ፤ እሱ ብቻ ዜናውን ትቶ ትዕግስትን ያሳያል። የእኛ ካሜራ ምስል ሾልኮ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ናቅሁት።

መጀመሪያ ከእሱ የሳል ድምፅ ሰማሁ፣ ወደ ራሷ ወደ ትዕግስት ዞር ስል አፏ ዝግ ነው፣ ከዚያ ሳለች። አየህ፣ በቀጥታ ስርጭት ምስሉም ድምፁም ሳተላይት ደርሶ እስኪመለስ ይዘገያል፣ አንተ አስነጥሰህ ከጨረስክ በኋላ ነው ቴሌቪዥኑ የሚያስነጥሰው፤ የሚቀድም ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ጆሮዬ አርጅቷል ብዬ በራሴ ስስቅ፣ ስክሪኑ ላይ ክርኔ ብርጭቆውን ሲጥለው አየሁ፣ ደንግጬ ክርኔን ስሰበስብ ብርጭቆው ወደቀና ተሰበረ።

"ጋሼ፣ የሠርጌ ብርጭቆ ነው እኮ" አለ ነስሩ እየሳቀ።

እመልስልሃለሁ አልኩት፣ ዓይኔ ግን ከስክሪኑ አልተነሳም። እዚያ ውስጥ ትዕግስት መናገር ጀምራ መሃል ላይ ድምፅዋ ጠፋ፣ አፏ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ እግሯ ሥር አንድ ሽማግሌ አጎንብሶ የማይኳን ገመድ ነቅሎ ይዟል። እኔ ነኝ። መላጣዬን ከኋላ አይቼው ባላውቅም አልጠፋኝም።

በጣም ተናደድኩ። አንዴ አዋርጃታለሁ፣ ሁለተኛ በእኔ እጅ አትባረርም። "ነስሩ፣ ትከሻዬን ያዝ፣ ልነሳ ብል እንዳትለቀኝ" አልኩት። አመመዎት ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ያዝ ብዬሃለሁ አልኩት፣ ያዘኝ፣ ኬሻ ሲሸከም ያደገ እጅ ነው።

ስርጭቱ ገባ። ትዕግስት ሞቅ አድርጋ ስትናገር የዳይሬክተሩ ድምፅ በጆሮዬ መጣ፣ ረጋ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ገመዱ እያፏጨ ነው፣ ነቅለው በሌላው ይተኩት።" የዳይሬክተር ትእዛዝ እምቢ ብዬ አላውቅም፣ ሰውነቴ በራሱ ሊነሳ ሲል ነስሩ ተጫነኝ። ድምፁ ደገመ፣ ሠለሰ፣ በደገመ ቁጥር እየለሰለሰ፣ መጨረሻ ላይማ የሚያባብል ነበር።

"አልነቅልም" አልኩ በሹክሹክታ፣ "ከፈለግህ ራስህ መጥተህ ንቀለው።"

ትዕግስት አንድ ቃል ሳይጎድልባት ጨረሰች።

በኋላ ዳይሬክተሩ ሊያመሰግን ሲደውል ስለ ገመዱ አነሳሁበት። "የምን ገመድ ጋሼ? ከሱሪው ወሬ በኋላ እኮ የእርስዎን የማዳመጫ መስመር ዘግቼዋለሁ" አለኝ። ወደ አሮጌው ቴሌቪዥን ዞርኩ፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ነስሩ የቴሌቪዥኑን ጀርባ አዙሮ አሳየኝ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከሥሩ ቆርጦ ለሌላ ዕቃ ካዋለው ቆይቷል፣ ወላሂ ከዚያ ወዲህ በርቶ አያውቅም አለ።

እሱ ወደ ደንበኛ ሲሄድ ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ በራ። እኔ ነኝ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዤ ወደ ሱቁ እገባለሁ፣ ፈትቼ አዲስ ብርጭቆ ቴሌቪዥኑ አናት ላይ አስቀምጣለሁ፣ በርጩማው ላይ አረፍ እላለሁ፣ አገጬ ደረቴ ላይ ይወድቃል። ነስሩ መጥቶ ትከሻዬን ይነቀንቃል። ደግሞ ይነቀንቃል። ከዚያ ስክሪኑ ጠፋ።

ትዕግስት ዛሬ ቋሚ ሠራተኛ ሆናለች፣ የሱሪዬም ላስቲክ እንደፈራሁት ላልቷል። ዱባይ ተራ ስሄድ በነስሩ በር አላልፍም፣ ዞሬ እሄዳለሁ፣ እሱም ከሩቅ ሲያየኝ "ጋሼ፣ ብርጭቆዬስ?" ይላል፣ አልመልስም እለዋለሁ፣ ሰው ይስቃል። ባለፈው ሰሞን ደወለልኝና ብርጭቆውን ይተዉት አለኝ፤ የቸገረው ሌላ ነው፣ ሁልጊዜ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ያ አሮጌ ቴሌቪዥን ሌሊቱን ሙሉ በርቶ እንዳደረ ትኩስ ሆኖ ያገኘዋል።

ይሙቅ። ዕድሜ ልኩን ይሙቅ። የነስሩ ብርጭቆ እኔ ላይ ናት፣ እኔም ጋ ትቆያለች።