ሲሞቅ የሚያፈስ ራዲያተር

«ሳብ! ሳብ! ኧረ ቀስ፣ ሰው ልትጨርሱ ነው እንዴ!»

መካኒኩ አብዱሰላም ጮኸ። በሦስት የባሕር ዛፍ ግንዶች ላይ የታሰረው ሰንሰለት ተንቋቋና ሞተሩ ከመሬት ተነሳ። ውሃ አጥቶ በሙቀት የነከሰው፣ አልዞር ያለው የቀድሞው ሞተር ግቢው በር ሥር ተጥሎ ዶሮ ወጥቶበታል። አዲሱ የሚሉትም ቢሆን ያው አሮጌ ነው፤ ገደል ከገባ መኪና ላይ የተፈታ። ግን ይሠራል፤ በ1966 ዓ.ም. መካነ ሰላም ላይ ደግሞ ከዚህ የተሻለ የሚያማርጥ ሰው አልነበረም።

ወርቂቱ ብሎን የሚታጠብበትን የናፍጣ ጣሳ ይዛ ቆማለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ራዲዮው ስለ አዲስ አበባ ሰልፍ ሲያወራ ይውላል። አባቷ ገበየሁ የዚህ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ እሷም ጠዋት ጠዋት እየመጣች ለመካኒኩ ዕቃ ታቀብላለች።

«ገባ! አልሐምዱሊላህ!» አለ አብዱሰላም፣ ሞተሩ ቦታው ላይ ሲያርፍ።

የመኪናው ባለቤት ሐጂ ይማም ጠጋ አሉ። «መቼ ይነሳል?»

«ኢንሻአላህ ነገ። ራዲያተሩንም ሞልቼ አየሁት፤ ጠብ አላለም።»

«ሲሞቅ ነው የሚያፈሰው አልኩህ እኮ» አለ ገበየሁ ቶሎ ብሎ። «ቀዝቃዛ ሆኖ አይታወቅም።»

ሐጂ ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲያው በዚህ ራዲያተር አይነሳም። አንድ ሞተር ተቃጥሎብኛል፤ ሁለተኛ አልደግምም። ከደሴ ሌላ ይምጣ።»

«ሐጂ፣ ያ እስኪመጣ ክረምቱ ይገባል። በጭቃ ደግሞ የወግዲን መንገድ ማን ይወጣዋል?» አለ አብዱሰላም።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ከወግዲ በእግሩ የመጣ አንድ ሰው ተቀምጧል። ለአገሩ የተላከው፣ ይህ መኪና ሊጭነው የነበረው የእርዳታ ማሽላ ከጀርባው፣ መጋዘን ውስጥ ነው። «ሐጂ፣ የእኛ ሰው እኮ ክረምት አይደርስም» አለ ድምፁን ሳያነሳ።

ወርቂቱ ጣሳውን አስቀመጠች። ራዲያተሩ እንደማያፈስ ታውቃለች፤ ሞተሩ የነከሰ ቀን ከአቀስታ ስትመለስ አባቷ አጠገብ ነበር የተቀመጠችው።

ያን ቀን መንገድ ዳር አንዲት ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ተቀምጣ ነበር። ገበየሁ ውሃው ፈልቶ የጎደለውን ራዲያተር ሊሞላ ቆሞ የውሃውን ጀሪካን አወረደ። ልጆቹ ጀሪካኑን እንጂ እሱን አላዩም። በዚያ መንገድ የመኪና ውሃ ለሰው አይሰጥም፤ ደንብ ነው። ሐጂም ድርቁ ከጠና ወዲህ፣ ያንን ውሃ የሰጠ ሾፌር መኪናዬን አይነዳም ብለው ምለዋል። ለዚሁ ነገር አንዱን አባረውታል።

«አባባ፣ ስጣቸው» አለች ወርቂቱ።

ገበየሁ ልጆቹን አየ፤ እሷን አየ። «ይሁን። ከታች ወንዝ አለ፤ እሱ ደርቆ አያውቅም» አለና ጀሪካኑን እንዳለ ሰጠ።

ወንዙ ደርቆ ነበር። ድንጋይ ብቻ። «ዳገቷን ከወጣንማ ቁልቁለት ነው» ብሎ ነዳ። ሞተሩ ዳገቷ ወገብ ላይ ቀጥ አለ። ለሐጂ ግን ራዲያተሩ አፈሰሰ አላቸው።

ማታ ገበየሁ እጁን በአመድ እያሸ ሲታጠብ ወርቂቱ ውሃ አፈሰሰችለት።

«አባባ፣ ራዲያተሩ አያፈስም።»

«አጣሁት?»

«ታዲያ ለምን አትነግራቸውም?»

«ካባረሩኝስ? በዚህ ዘመን ማን ሥራ ይሰጠኛል? እናትሽና ታናናሾችሽ ምን ሊበሉ ነው? ዝም በይ አንቺ!»

«የወግዲው ሰውዬስ?»

ገበየሁ እጁን ማሸት ቀጠለ። አመዱ ከለቀቀ ቆይቷል። ወርቂቱ ተናደደችበት፤ አሳዘናትም። ውሃውን ሲሰጥ እንዴት ኮርታበት እንደነበር ትዝ ሲላት ደግሞ ይብስ ተናደደች።

«እኔም ያን ቀን ደግ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ።

ጠዋት ፊቷን ታጥባ ነጠላዋን ለበሰች። ገበየሁ መደብ ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አያት።

«ወዴት ነው?»

«ሐጂ ዘንድ። ስጣቸው ያልኩህ እኔ ነኝ፤ እሱን እነግራቸዋለሁ። ራዲያተሩም ደህና ነው እላቸዋለሁ።»

«ወርቂቱ!»

«ብትመታኝም እሄዳለሁ።»

ይነሳብኛል ብላ ጠበቀች፤ አልተነሳም። ቤት ውስጥ ታናናሾቿ ለቁርስ የቀረውን ቆሎ ይሻማሉ። ገበየሁ ወደ እነሱ ዞሮ ቆየ። እሷም አየቻቸው። ሐጂ አብሽር፣ ግድ የለም ብለው ያልፉት ይሆን፣ ወይስ የመኪናውን ቁልፍ አምጣ ይሉት ይሆን? አታውቅም። ቢሆንም በሩን ከፍታ ወጣች።

አጥሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ድምፁን ሰማች።

«ቆይ እንጂ» አለ። «ጫማዬን ላጥልቅ።»

ወርቂቱ የአጥሩን በር ይዛ ጠበቀችው።