በጭስ ውስጥ የቀደመው እጅ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ከዳር እስከ ዳር እውነት ነው። አንዲት ቃል የጨመርኩበት እንደሆነ ምላሴ እንደ ኩበት ይድረቅ፤ አንዲት ቃል ያጎደልኩም እንደሆነ እንደዚያው። ያልነበሩት «ይህማ ተረት ነው» ይላሉ። የነበሩት ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውም ምስክር ነው።

የፍራሽ መጋዘኑ ሲቃጠል ጭሱ ፀሐይን ጋርዶ ዶሮዎች በጠራራ ቀን ቆጥ ላይ ወጡ። እሳቱ ሲበርድ ከውስጥ አንድ አስከሬን ተገኘ። የሞተው አለት ነበር። አለት የጣቢያው አንጋፋ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። በር በትከሻው ይገነጥላል፤ ከፎቅ ላይ ሰው ተሸክሞ ሲወርድ ደረጃው ራሱ ይተነፍሳል ይባልለታል። እሳት እሱን ሲያይ በገዛ እጁ የሚጠፋበት ጊዜም ነበር። እንዲህ ያለው ሰው በጭስ ሞተ ሲባል «ዓሣ በውሃ ታነቀ» እንደማለት ሆነ፤ ወዲያው «ሰው ነው የገደለው» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ።

ወንፊት ተጠራ። ወንፊት ያሉት ዱቄቱን አሳልፎ እንክርዳዱን ስለሚያስቀር ነው። ይህ መርማሪ ባል የደበቀውን ከሚስቱ አካሄድ ያውቃል፤ ውሸት በግድግዳ በኩል ይሸተዋል። በዕድሜው ተሳስቶ አያውቅም። አንዴ ተሳስቻለሁ ብሎ አስቦ ነበር፤ በኋላ ሲጣራ ያ ራሱ ስህተት ሆኖ ተገኘ።

መጋዘኑ ውስጥ የጣቢያው አዛዥ በረጠበ አመድ ላይ ቆሞ ጠበቀው። አለት ከበሩ ርቆ፣ ከኋለኛው ግድግዳ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። በግራ እጁ የውሃ ጎማውን መጋጠሚያ ጨብጧል።

«በሩ ወዲያ ነው፤ እሱ ወዲህ» አለ ወንፊት።

«ያ ነው እኔንም ያሳበደኝ፣ ጌታዬ።»

«ጎማው መንገድ አያሳይም?»

«ያሳያል እንጂ! ጭስ ውስጥ ዓይን የለም፤ ያለው መዳፍ ነው። ሰው መጋጠሚያውን ይዳስሳል። ረጃጅም የብረት ጆሮ ያለው ወገን ወደ መኪናው ያወጣል፤ ለስላሳው ወገን ወደ እሳቱ ይከታል። ሥልጠና ላይ መጀመሪያ የምናስተምረው ይህንን ነው።»

«አለት ያውቃል?»

«አለት? ጎማውን የወለደው እሱ ነው ይበሉ!»

ወንፊት ተንበረከከ። የአየር ሲሊንደሩ ባዶ ነው። ሰዓቱ በቀኝ እጁ አንጓ ላይ ታስሯል። ግራው መጋጠሚያውን እንደጨበጠ ደርቋል። መርማሪው ፈገግ አለ፤ ሰዓቱን በቀኙ የሚያስር ሰው ሥራውን በግራው ይሠራል። ሌላ ሰው ለማየት ዓመት የሚፈጅበትን እሱ ዓይኑን ሳያርገበግብ አየ።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ጣቢያው መጣ። መጀመሪያ ያገኛት ዕቃ ቤት ኃላፊዋን ነው። ጭምብሎቹን እያጠበች ነበር።

«ሲሊንደሩን ማን ነካው?»

«ሌላ ማን ይነካዋል? እኔ! በገዛ እጄ ሞልቼ፣ በገዛ እጄ አሸከምኩት። እኔን ለማሰር ከመጡ ጫማዬን ልቀይር።»

«ኧረ ተረጋጊ፣ እትዬ። ጠላት ነበረው?»

«ከጭስ በቀር?» ጭምብሉን አራገፈችው። «ጠላት አልነበረውም። ግን አዲሱ ደንብ ከመጣ ወዲህ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።»

«የምን ደንብ?»

«ጭስ ቤት ገብቶ ተመዝኖ የብቃት ሰርተፍኬት ያላመጣ መኪና ላይ አይወጣም የሚለው። ያላለፈ የበር ዘበኛ ይሆናል። መልካም ደንብ ነው፣ ስንቱን ልጅ ያለ ሥልጠና ቀብረናል! ግን ሽማግሌዎቹን አስከፋ። ‹ጭስ ስበላ ያደግኩትን ሰውዬ ጭስ ሊያስተምሩኝ?› ይል ነበር አለት።»

«አለፈ ታዲያ?»

«ለዚያውም አንደኛ! ጥላም እኩል አንደኛ።»

ጥላ የአለት ሚስት ወንድም ነው። ጥላ ያሉት ከአማቹ ኋላ ስለማይጠፋ ነው፤ አንድ ቤት ይኖራሉ፣ በአንድ መኪና ይወጣሉ። ያን ቀንም አብረው ገቡ። የወጣው ግን ጥላ ብቻውን ነው።

ወንፊት ከጓሮ አግዳሚ ላይ አገኘው። ልጁ ከስቷል፤ የገዛ ልብሱ ሰፍቶታል።

«አብራችሁ ገባችሁ?»

«አዎ።»

«ለብቻህ ወጣህ።»

«አዎ።»

«ምን ሆነ?»

«ተለያየን።»

«እንዴት?»

«ጭስ ነበራ፣ ጋሼ። ጭስ ነው በቃ።»

«ትወደው ነበር?»

ጥላ አጎነበሰ። የጫማውን ማሠሪያ ፈትቶ እንደገና አሠረው፤ መልሶም ፈታው።

ወንፊት ጎማ አስመጣ። በጓሮው ላይ እንደ እባብ አጠማዝዞ ዘረጋውና የልጁን ዓይን በጨርቅ አሠረ።

«ጭስ ውስጥ ነህ» አለው። «አውጣኝ።»

ጥላ ተንበረከከ። ግራ እጁ በጎማው ላይ ተንሸራቶ መጋጠሚያው ላይ ደረሰ። ጣቶቹ ጆሮዎቹን አገኟቸው፤ እዚያው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ዞረና በተቃራኒው፣ ወደ እሳቱ በሚወስደው በኩል ዳኸ። በመስኮት የሚያዩት ባልደረቦቹ ፊታቸውን መለሱ።

«ይበቃል» አለ ወንፊት፣ ጨርቁን እየፈታ። የመርማሪው ዓይን የአደን ውሻ ዓይን ሆኗል። አንደኛ የወጣ ልጅ መውጫውን አያውቅም!

በኮሪደሩ ሲያልፍ የሟች ሚስት የባሏን ሄልሜት ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ወንፊት የሚሉዎት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፣ እመቤቴ። እግዜር ያጥናሽ።»

«አንዱን ቀብሬያለሁ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሌላውን አይቅበሩብኝ። ከሱ ሌላ ወንድም የለኝም።»

ወንፊት እጅ ነሥቶ አለፈ። ሐዘንተኛ አይጠየቅም የሚል ወግ አለው፤ አዋቂ ነውና እስካሁን የጠየቀው ይበቃዋል።

የመጨረሻው ሰው መዛኙ ነው። ለሰርተፍኬቱ ሰው ሁሉ በሱ እጅ ያልፋል። መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ ያክላል።

«ጭስ ቤት ውስጥ የሚመዘነውን ሰው ፊት ታያለህ?»

«እንዴት አያለሁ? ጭምብሉን ደጅ ላይ አጥልቆ ነው የሚገባው፤ የደኅንነት ደንብ ነው። እኔ ከመስተዋቱ ጀርባ ሆኜ በሙቀት ካሜራ እመለከታለሁ። የማየው ነጭ ነጭ ምስል ነው። ማንነቱን የምለየው በሄልሜቱ ቁጥር ነው።»

«አውልቀህ አሳየኝ ብትልስ?»

«አለትን?» መዛኙ ተቆጣ። «አለትን ፊትህን አሳየኝ? እኔን ራሴን ከሚነድ ቤት በጀርባው ያወጣኝን ሰውዬ? አፌ ይቆረጣል!»

«እሱንና ጥላን ስትመዝን የታዘብከው ነገር አለ?»

መዛኙ አሰበ። «ሁለቱም ግራ እጃቸው ይቀድማል። ግድግዳውንም፣ ጎማውንም፣ በሩንም በግራ። እንደ አንድ ሰው። አማች ለአማች ይጋባል ብዬ ሣቅኩ።»

ወንፊት አልሣቀም። ወንፊቱ ዱቄቱን አውርዶ ጨርሷል።

በማግስቱ ሁሉንም ሥልጠና ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበ። አዛዡ፣ ዕቃ ቤት ኃላፊዋ፣ መዛኙ፣ ጥላና ባልደረቦቹ ተቀመጡ፤ የሟች ሚስት በሩ አጠገብ ቆመች። ግድግዳው ላይ የአለትና የጥላ ሰርተፍኬቶች ጎን ለጎን በመስተዋት ተሰቅለዋል።

«ሲሊንደሩን ማንም አልነካውም» ብሎ ጀመረ ወንፊት። ክፍሉ ውስጥ ዝንብ እንኳ ክንፏን አጠፈች። «አየሩ ያለቀው አለት ውስጥ ስለቆየ ነው። ጥያቄው፣ መውጫውን የሚያውቅ ሰው ለምን ቆየ?»

«ለምን?» አለ አዛዡ።

«የጠፋ ሰው ሊፈልግ። ጥላን ዓይኑን አሥሬ ጎማ ሰጠሁት፤ ወደ እሳቱ ሄደ። በሰርተፍኬቱ ግን አንደኛ ነው። እንግዲያው የተመዘነው እሱ አይደለም። ጭምብልና ጭስ ሲደረቡ ሰው ቁጥር ብቻ ነው። መዛኛችን ሁለት ጊዜ ያየው አንድ ሰው፣ አንድ ግራኝ ነው። አለት ሰዓቱን በቀኙ ያስር ነበር። ሲሞትም መጋጠሚያውን የጨበጠው በግራው ነው።»

መዛኙ መነጽሩን አወለቀ።

«አለት የሚስቱ ወንድም የበር ዘበኛ እንዳይሆንበት ሄልሜት ቀይሮ ተመዘነለት» አለ ወንፊት። «በደግነቱ። ከዚያ እውነተኛው ጭስ መጣ። በዚያ ጭስ ውስጥ ሄልሜት መቀያየር የለም። ጥላ ወደ ተሳሳተው ወገን ዳኸ፤ አለት ሊመልሰው ተከተለው። ልጁ በዕድል በሩን አገኘ። አለት ግን እሱን ሲፈልግ አየሩ አለቀ።»

«ታዲያ ማንን እንሰር?» አለ አዛዡ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «ደግነትን?»

«የሚታሠረውን ሕግ ይወቅ። ልጁ በሰው ብቃት ሰርተፍኬት ይዞ ሰው አስገድሏል። ፍርድ ቤት ይቆማል።»

አዛዡ ወደ ልጆቹ ዞረ። «ሌላስ አለ? ሰው የተመዘነለት?»

አንድም እጅ አልተነሣም። «የለም» ያለም የለም። ሁሉም ወለሉን ያያሉ። አዛዡ አንዱን ፊት ካንዱ ሲያነጻጽር ቆየ። ነገ ደወል ሲደወል የሚልካቸው እነዚህኑ ነው፤ ሌላ ሰው የለውም። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ጥላ ተነሣ። «ልክ ናቸው» አለ። «እኔ ነኝ። የጠፋሁት እኔ ነኝ። እሱ ሊያድነኝ ነው የሞተው። እንደዚያ ተብሎ ይጻፍ።»

ወንፊት ኮፍያውን አነሣ። በዓለም ላይ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የተፈታ ምርመራ የለም፤ አይኖርምም።

«ባሌ ግራኝ አልነበረም» አለች ሚስቲቱ።

ለማንም አልጮኸችም። ሄልሜቱን እያየች ነው የተናገረችው።

«ግራ አንጓው በር ሲሰብር የተሰበረበት ነው። ማሠሪያ ያመዋል፤ ለዚህ ነው ሰዓቱን በቀኙ የሚያስረው። በግራው መጨበጥ እንጂ ሌላ አይችልም፤ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ግራኙ ወንድሜ ነው። አባታችን እየገረፈ በቀኙ አስጻፈው፤ በቀኙም አስበላው። ግን ሲጨልምበት አሁንም ግራው ይቀድማል። ከልጅነቱ አንድ አልጋ የተኛሁ እኔ አውቃለሁ።»

«እህቴ፣ ተይ» አለ ጥላ።

«ሁለቴ የተመዘነው እሱ ነው። አንዴ ለራሱ፣ አንዴ ለባሌ። ባሌ ጭስ ቤቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልገባም። ‹ብወድቅ በምን ፊቴ› እያለ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ወንድሜን ለመነው። ወንድሜ ትናንት ጓሮ ውስጥም መውጫው ጠፍቶት አይደለም የዞረው፤ የባሌን ስም ሊያተርፍልኝ ነው።»

ወንፊት ኮፍያውን ራሱ ላይ አላደረገውም፤ መልሶም አላስቀመጠውም።

ጥላ ፊቱን በግራ እጁ ሸፈነ።

«ያን ቀን ጭሱ ውስጥ ጆሮዎቹን አግኝቼ ነበር» አለ ከጣቶቹ ሥር። «በዚህ ነው ብዬ ጎተትኩት። እጁን ከእጄ መነጨቀና ‹አንተ ነህ እኔን የምታወጣኝ?› አለኝ።»